«መልስ» የሚለው ትእዛዝ

መሥሪያ ቤት ውስጥ ሁሉም «ቲቸር» ነው የሚላት። አሥራ አንድ ዓመት ሰዋስው አስተምራለች፤ የጠመኔ ብናኝ ድምጿን እየዘጋ ሲያስቸግራት ነው ትምህርት ቤቱን ተሰናብታ ለከተማው መብራት ወደሚያከፋፍለው ድርጅት የገባችው። የተቀጠረችበት ሥራ መጀመሪያ ሲነገራት ቀልድ መስሏት ነበር። ድርጅቱ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠራ አንድ ወኪል አስገብቷል። ወኪሉ ፕሮግራም ነው፤ የመስመር ሠራተኞች በሬዲዮ «ይሄን አጥፉልን፣ ያንን አብሩልን» ሲሉ ይሰማና ከአርባ አንድ የመቆጣጠሪያ ትእዛዞች የሚስማማውን መርጦ ያዘጋጃል። ችግሩ፣ ትእዛዞቹን ባለፉት ሃያ ዓመታት የሠሯቸው መሐንዲሶች ስም ብቻ ሰጥተው ነው የተዉአቸው። እያንዳንዱ ምን እንደሚሠራ፣ መቼ እንደሚያስፈልግ፣ ምን ጉዳት እንደሚያመጣ ቁጭ ብሎ የጻፈ የለም። ወኪሉ ደግሞ ያልተጻፈለትን ከየት ያመጣል? ስለዚህ ጥርት ያለ ማብራሪያ የሚጽፍ ሰው ተፈለገ።

«ታዲያ ሰው እንኳን ለማያነበው ነገር የሰዋስው አስተማሪ ምን ያደርግላችኋል?» አለችው ያን ጊዜ ኃላፊዋን።

«ሰውማ ቢሆን ያልገባውን ይጠይቅ ነበር» አላት። «ይሄ የተጻፈለትን ነው የሚያምነው።»

በመጀመሪያው ሳምንት ነው ሥራው እንደማያስቀልድ የገባት። ለመሐንዲሶቹ «ክፍት» መስመር ማለት የተቆረጠ፣ ኤሌክትሪክ የሌለበት ነው፤ «ዝግ» የሚሉት ኤሌክትሪክ የሚሄድበትን። እሷ እንደ ውኃ ቧንቧ አስባው አንድ ገጽ ሙሉ ገልብጣ ጻፈች። ያረማት ታላቅ ወንድሟ ነው፤ በሳቅ እየፈረሰ።

ታላቅ ወንድሟ የዚሁ ድርጅት የመስመር ሠራተኛ ነው፤ ምሰሶ ላይ የሚወጣው፣ ሽቦውን በእጁ የሚይዘው። እናትና አባታቸው ካለፉ በኋላ ያሳደጋት እሱ ስለሆነ ዛሬም «ወንድም ጋሼ» ነው የምትለው። እሱም ሁለት ልጆች የወለደችውን ሴትዮ «ሚጡ» ማለቱን አልተወም።

ሥራው በደንብ ሄደላት። አንዱን ትእዛዝ ለመጻፍ አንዳንዴ ሦስት ቀን ይፈጅባት ነበር፤ የሠራውን ሰው ፈልጋ ትጠይቃለች፣ መልሳ ትጠይቃለች፣ እስኪሰለቻት ድረስ ታነበዋለች። ሠላሳ ሁለቱን እንዲህ ጨረሰች። ከዚያ አንድ ዓርብ ኃላፊዋ ጠረጴዛዋ አጠገብ ቆሞ፣ «ወኪሉ ሰኞ ሥራ ይጀምራል ተብሎ ከላይ ተወስኗል። የቀሩትን ዘጠኙን ዛሬ ጨርሺ» አላት።

«የሠሯቸው ሰው ጡረታ ወጥተዋል። ስልካቸውንም አያነሱም፤ ታመዋል ይባላል።»

«የትእዛዞቹ ስም ራሱ ይናገር የለም እንዴ? እዚያ ላይ ተመሥርተሽ ጻፊው። በኋላ ይታረማል።»

ከዘጠኙ አንዱ «መልስ» ይባል ነበር። ቲቸር ስሙን አየችው፤ እውነትም የሚናገር መሰላት። «የመጨረሻውን ትእዛዝ ይመልሳል፤ መስመሩን ከትእዛዙ በፊት ወደነበረበት ሁኔታ ያመጣል» ብላ ጻፈችና ወደ ቀጣዩ አለፈች። አረፍተ ነገሩ የሰዋስው እንከን አልነበረበትም። ጥፋቱ እውነት አለመሆኑ ብቻ ነው።

ሰኞ ወኪሉ ሥራ ጀመረ። ሐሙስ ረፋድ ላይ፣ ከአራት ሰዓት ትንሽ አለፍ ሲል፣ የቲቸር ስልክ ጠራ።

«ስትፈልጊኝ ነበር አሉ» አለ የደከመ ድምፅ። ጡረታ የወጡት መሐንዲስ ነበሩ። «ሐኪም ቤት ሰንብቼ ነው። ትናንት ገና ወጣሁ።»

«እግዚአብሔር ይማርዎት ጋሼ። ላስቸግርዎት አልፈለግሁም ነበር፤ ከእርስዎ ትእዛዞች ዘጠኙን እንዲያዩልኝ ብዬ ነው።»

«አንብቢልኝ። ተኝቼ ጣራ ከማይ ይሻላል።»

አነበበችላቸው። የመጀመሪያውን «ይሁን» አሉ፤ ሁለተኛው ላይ አንዲት ቃል አስተካከሉ። ሦስተኛው «መልስ» ነበር። አንብባ ሳትጨርስ መሐንዲሱ አቋረጧት።

«ማነው እንደዚህ ያለሽ?»

«እኔ... ከስሙ ተነሥቼ ነው ጋሼ።»

«አይደለም ልጄ። ‹መልስ› የመጨረሻውን ትእዛዝ ብቻ አይደለም የሚመልሰው። ማዕበል ሲመታን ብሬከሮቹ፣ የመስመሩ ማብሪያ ማጥፊያዎች፣ አንድ በአንድ ሲወድቁ፣ በእጅ መዝጋቱ ሲያሰለቸን ነው የሠራሁት። በመስመሩ ላይ ያለውን ብሬከር ሁሉ በአንዴ ይዘጋል። መስመሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ኤሌክትሪክ ይገባበታል።»

«ሰው... መስመሩ ላይ ሰው ካለስ?»

«ያኔ የጥገና ቡድናችን አንድ ብቻ ነበር። እሱ ጨረስኩ ካለ፣ ጨረስን ማለት ነው። ማን ሌላ ይኖራል?»

አሁን ቡድኖቹ ስድስት ናቸው። ቲቸር በነጻ እጇ የዕለቱን የሥራ ዝርዝር ኮምፒውተሯ ላይ ከፈተችው። ሦስተኛው መስመር ላይ ዛሬ ሁለት ቡድን ተሰማርቷል። ቡድን ሁለት በመስመሩ መጀመሪያ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፤ የሚጨርሰው አራት ሰዓት ተኩል። ቡድን አምስት በመስመሩ መጨረሻ፤ እስከ ሰባት ሰዓት።

ቡድን አምስት ወንድሟ የሚመራው ቡድን ነው።

ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት አራት ከሃያ አንድ ይላል። ስልኩን በመሐንዲሱ ላይ ዘጋችባቸው፤ ይቅርታ እንኳን አላለችም። ወዲያው ወንድሟ ጋ ደወለች። ጠራ፣ ጠራ፣ ማንም አላነሳውም። ምሰሶ ላይ የሚወጣ ሰው ስልኩን መኪና ውስጥ ትቶ ነው የሚወጣው፤ ደንብ ነው። እሱ ደግሞ ደንብ አክባሪ ነው። ኃላፊዋ ጋ ደወለች፤ ስብሰባ ላይ ስለሆነ ዘግቶታል። ላፕቶፑን ነቅላ ብብቷ ሥር ሸጎጠችና ደረጃውን እየዘለለች ወረደች። አንድ ጫማዋ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ወልቆ ቀረ።

የመቆጣጠሪያው ክፍል ምድር ቤት ነው፤ በሩ ወፍራም መስታወት። ካርዷን አስጠጋችው። ጢጥ አለና ቀይ በራ። ደግማ አስጠጋች፤ ያው ቀይ። እዚህ ክፍል መግባት የሚችሉት ተረኞች ብቻ ናቸው፤ እሷ ጸሐፊ ናት።

በመስታወቱ ውስጥ የተረኛው ጀርባ ይታያታል። ስሙን የሚጠራው የለም፤ ወሬው ስለማያልቅ «ራዲዮ» ነው የሚሉት። ጆሮው ላይ ትልቅ ማዳመጫ ደፍቷል። ከፊቱ ግድግዳውን የሞላ ሰሌዳ አለ፤ የከተማው መስመሮች ሁሉ ተስለውበታል። ኤሌክትሪክ ያለበት በቀይ፣ የጠፋው በአረንጓዴ። ሦስተኛው መስመር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አረንጓዴ ነው። እስካሁን።

«ራዲዮ! ራዲዮ!» መስታወቱን በጡጫ መታችው። ከዚያ በመዳፏ፣ ከዚያ በቀረላት ጫማ ተረከዝ። ራዲዮ ራሱን እየወዘወዘ ማይክሮፎኑ ላይ ያወራል፤ አይሰማም። የጠረጴዛውን ስልክ ደወለች። የስልኩ መብራት ብልጭ ድርግም ሲል አየችው። ራዲዮም አየው። አላነሳውም፤ መዳፉን ዘርግቶ «ቆይ» አለው፣ ስልኩን። የመስመር ቡድን እያነጋገረ ስልክ አያነሳም፤ እሱም ደንብ አክባሪ ነው።

ወኪሉ ትእዛዙን ያዘጋጃል፣ ራዲዮ አይቶ «እሺ» የሚለውን ይነካል። በቀን ስልሳ ጊዜ ይነካል። ወኪሉ ከመምጣቱ በፊት ራዲዮ «መልስ»ን ነክቶት አያውቅም፤ በእጁ ሲሠራ ብሬከሮቹን አንድ በአንድ ነበር የሚዘጋው። ወኪሉ «የቡድን ሁለትን ትእዛዝ ልመልስ?» ቢለው ለምን ብሎ ይከለክለዋል? በሩ ሥር ወለሉ ላይ ተቀመጠች። አራት ከሃያ ስድስት።

ላፕቶፑ ትዝ ያላት ያኔ ነው። ትእዛዙን ማጥፋት አትችልም፤ ለዚያ የኃላፊው ፊርማ ያስፈልጋል። ማብራሪያውን ማረም ግን ይፈቀድላታል፤ የእሷ ሥራ ነውና። ወኪሉ ደግሞ ጥያቄ በመጣለት ቁጥር ማብራሪያዎቹን እንደ አዲስ ያነባቸዋል። ከፈተችው። በጥድፊያ የይለፍ ቃሏን ሁለቴ ሳተች። በሦስተኛው ገባ። ሦስተኛውንም ብትስት ኖሮ ይቆልፍባት ነበር።

«አደገኛ ነው» ብላ ጻፈች። መልሳ አነበበችው። አደገኛ ለማን? መቼ? ኤሌክትሪክ ሁሉ አደገኛ ነው። ይህን ያነበበ ወኪል «ጥንቃቄ ያስፈልጋል» ብሎ ያልፍና ይጠቀምበታል። አጠፋችው። «ሰው ካለ አትጠቀም» አለች። የት ካለ? ቡድን ሁለት ጨርሶ ወርዷል፤ የለም እኮ ሊል ነው። ይህንንም አጠፋችው። አንዲት ቃል ካጎደለች ወንድሟ ሽቦው ላይ ይቀራል። አንዲት ቃል ካበዛችም ጊዜው ያልቃል። እንዲህ ያለ ድርሰት በዕድሜዋ አርማ አታውቅም። ጥርሷን ነክሳ ጻፈች፦

«ይህ ትእዛዝ የመጨረሻውን ትእዛዝ ብቻ አይመልስም። በመስመሩ ላይ ያሉትን ብሬከሮች በሙሉ ይዘጋል፤ መስመሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ኤሌክትሪክ ይገባበታል። በዚያው መስመር ላይ የሚሠራ ሌላ ቡድን ካለ ሰው ይሞታል። አንድ ቡድን ሥራውን ሲጨርስ በዚህ አትጠቀም። በምትኩ የዚያን ቡድን ብሬከር ብቻ ለይተህ ዝጋ። ከመዝጋትህ በፊት በመስመሩ ላይ ሌላ ቡድን መኖሩን ለተቆጣጣሪው ተናገር፤ ፈቃዱንም ጠይቅ።»

«አስቀምጥ» የሚለውን ነካች። ትንሿ ክብ መሽከርከር ጀመረች። ዞረች፣ ዞረች። አራት ከሠላሳ አንድ። ክቧ ቆመችና «ተቀምጧል» የሚል ጽሑፍ ወጣ።

ጽሑፉን አንዴ ደግማ አንብባ ቀና ስትል የራዲዮ ጣት ከቁልፎቹ ላይ ሲነሳ አየች። ሰሌዳው ላይ ሦስተኛው መስመር ቀይ ሆነ።

ሙሉው ይሁን ከፊሉ አልታያትም። ዓይኗ ውስጥ ያለው ቀይ ብቻ ነበር። ጮኸች፤ ምን ብላ እንደጮኸች አታውቅም። ራዲዮ ማዳመጫውን አውልቆ አንገቱን ሊያፍታታ ሲዞር ነው በሩ ሥር በአንድ እግር ጫማ የተቀመጠችውን ሴትዮ ያያት። እየሮጠ መጥቶ ከፈተላት።

«ቲቸር! ምን ሆነሽ ነው? ማን ነካሽ?»

«መልስ» አለች፤ ሌላ ቃል ከአፏ አልወጣም። «መልስ! መልስ!»

«ምን ልመልስ? ጥያቄው ምንድነው?»

«ቡድን አምስት... ወንድሜ...»

ራዲዮ ፊቱ ተለወጠ። ወደ ጠረጴዛው ተመልሶ ማይክሮፎኑን አነሳ። «ቡድን አምስት፣ ቡድን አምስት፣ ተቆጣጣሪ ነኝ። ደህና ናችሁ?»

ቲቸር የወንበሩን መደገፊያ በሁለት እጇ ጨብጣ ቆመች።

«ደህና ነን» አለ ከታች ሆኖ ገመድ የሚይዘው ሰው ድምፅ። «ምን ፈለግህ? አለቃ ምሰሶው አናት ላይ ነው፤ ምን ልበለው?»

«ምንም። ሥራችሁን ቀጥሉ» አለ ራዲዮ። ወደ ሰሌዳው ጠቆማት። ቀይ የሆነው ከወፍጮ ቤቱ ወዲህ ያለው ብቻ ነበር። የመስመሩ መጨረሻ አረንጓዴ እንደሆነ አለ።

ቲቸር ማልቀስ ጀመረች። ራዲዮ ስክሪኑን አዞረላት። ወኪሉ የጻፈው እዚያው ነበር፦ «ቡድን ሁለት ጨርሷል። በዚሁ መስመር ላይ ቡድን አምስት እየሠራ ስለሆነ ‹መልስ›ን መጠቀም አይገባም። የቡድን ሁለትን ብሬከር ብቻ ልዝጋ?»

«ዛሬ ምን ነክቶት ነው እንደዚህ ጨዋ የሆነው ብዬ ሳስብ ነበር» አለ ራዲዮ። «ባለፈው ‹ልመልስ?› ብቻ ነበር ያለኝ።»

ለቅሶዋ ቀጥ አለ። «ባለፈው?»

ራዲዮ አያት። ከዚያ የሳምንቱን መዝገብ ወደ ኋላ ማገላበጥ ጀመረ። ሰኞ የለም። ረቡዕ የለም። ማክሰኞ አምስት ሰዓት ከሃምሳ ሁለት ላይ፣ ቡድን ሁለት ሲጨርስ፦ «መልስ»። ሦስተኛው መስመር። ጎኑ ላይ «እሺ» የሚለው የራሱ የራዲዮ ነው። ያን ቀንም ቡድን አምስት መስመሩ ላይ ነበር።

«ለምሳ ወርደው ነበር» አለ ራዲዮ፤ ድምፁ የእሱ አይመስልም ነበር። «ለስድስት ሩብ ጉዳይ ላይ ነው ምሳ እንብላ ብለው በሬዲዮ የነገሩኝ። ሲመለሱ መስመሩ ኤሌክትሪክ አለበት፣ አጥፉልን አሉ። ሰው የረሳ መስሎኝ አጠፋሁላቸው።» ሁለቱም በልባቸው ቆጠሩ፤ ሰባት ደቂቃ። ራዲዮ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ መዳፉን ብቻ ያያል።

አመሻሽ ላይ ቲቸር ወንድሟ ቤት ሄደች። የወንድሟ ሚስት በሩን ከፍታ «ምነው ፊትሽ አመድ መሰለ?» አለቻት። «ራሴን አሞኝ ነው እትዬ» ብላ አለፈቻት። ወንድሟ ሶፋው ላይ እግሩን በሞቀ ውኃ ነክሮ ተቀምጧል። ሚስቱ ወደ ጓዳ እስክትገባ ጠብቃ ሁሉንም በሹክሹክታ ነገረችው፤ የዓርቡን አረፍተ ነገር፣ የዛሬውን፣ የማክሰኞውን። በእጇ ሊሞት እንደነበር ነገረችው።

«ተይ ሚጡ፣ አታጋንኚ» አለ። «እኛ ሞኝ ነን? መጀመሪያ ኤሌክትሪክ አለመኖሩን በዘንግ እንሞክራለን፤ ከዚያ መስመሩን በሰንሰለት ከመሬት ጋር እናስረዋለን። ኤሌክትሪክ ቢለቀቅ እንኳ ወደ መሬት ነው የሚሄ—»

አረፍተ ነገሩን አልጨረሰም። ውኃው ውስጥ ያሉት እግሮቹ መንቀሳቀስ አቆሙ።

«ምንድነው ወንድም ጋሼ?»

«ማክሰኞ ሰንሰለቱ ቡድን ሁለት መኪና ላይ ቀርቶ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «ሞክረን መስመሩ ሞቷል ስላልን... ለትንሽ ሥራ ነው ብለን... ሳናስር ነው የወጣሁት።»

ከጓዳ የድስት ክዳን ድምፅ ይሰማል። ምሳ እንብላ ያለው ማን እንደነበር ልትጠይቀው ፈለገች፤ ፈራች። እሱ ግን ሳትጠይቀው ተናገረ። «ጨርሰን እንብላ ብዬ ነበር እኮ። የቡድኑ ልጆች ናቸው ራበን ያሉት።» ከዚያ ወደ ጓዳው በር ዓይኑን ጣል አደረገና «እሷ እንዳትሰማ» አለ።

ዓርብ ጠዋት ቲቸር ዘጠኙም ትእዛዞች ከወኪሉ እንዲነሱ የሚል ደብዳቤ ጽፋ ኃላፊዋ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች። ኃላፊው አነበበና ቱግ አለ። «ሰኞ አስጀምሬ ዓርብ ላቆም ነው? ትናንት ያዳነን እኮ ይሄው ወኪል ነው!»

«ያዳነን አይደለም፤ የጻፍኩለትን ነው ያነበበው። ማክሰኞም የጻፍኩለትን ነው ያነበበው» አለችው። «ዘጠኙን በስም ገምቼ ነው የጻፍኳቸው። አንዱን ደርሼበታለሁ። ከቀሩት ውስጥ የትኛው ምን እንደሚያደርግ ላውቅ የምችለው ሠሪያቸው ሲነግሩኝና በማሠልጠኛው ግቢ ሲሞከሩ ብቻ ነው። እስከዚያ ራዲዮ በእጁ ይሥራው።» የማክሰኞውን መዝገብ አትማ ይዛ ነበር፤ ከደብዳቤው አጠገብ አኖረችለት። ኃላፊው አየው፤ የቡድኑን ቁጥር አየ፤ ባለፈው ዓርብ ምን ብሎ እንዳዘዛትም ሳያስታውስ አልቀረም። ፈረመ።

ሥራው ሦስት ሳምንት ፈጀ። መሐንዲሱ አልጋቸው ላይ ሆነው በስልክ ይነግሯታል፣ እሷ ትጽፋለች፤ በማሠልጠኛው ግቢ ሰው በሌለበት መስመር ላይ ይሞከራል፣ የተሳሳተው ይታረማል። ከዘጠኙ ውስጥ ሌሎች ሁለት ትእዛዞችም ስማቸው የማይለውን የሚያደርጉ ሆነው ተገኙ። «መልስ» ራሱ ስሙ ተቀይሮ «መላውን መስመር አብራ» ተባለ፤ መስመሩ ላይ አንድ እንኳ ቡድን ካለ እንዳይሠራም ተደረገ። ራዲዮ በእጁ መሥራቱ አሰልችቶኛል ብሎ ለማንም አላማረረም። «እሺ»ን ከመንካቱ በፊት ድምፁን ከፍ አድርጎ ማንበብ ለምዷል።

ቲቸርን ግን ፍርሃቱ አልለቀቃትም። ቀን ስልክ ሲጠራ ክው ትላለች። ስለዚህ አንድ ሰኞ ፈቃድ ጠይቃ ከቡድን አምስት ጋር ወጣች። ከምሰሶው ሥር ቆማ ወንድሟ ቀበቶውን ሲያስር፣ አንድ እርከን፣ ሁለት እርከን ሲወጣ አየችው። ገመድ ያዡ የሰንሰለቱን ጫፍ መሬት ውስጥ ሲቀብር፣ ወንድሟ በዘንግ ሲሞክር፣ ሰንሰለቱን ሲሰቅል ለመጀመሪያ ጊዜ በዓይኗ አየች። እጁን ወደ ሽቦው ዘረጋ። ያዘው። ምንም አልሆነም።

ከላይ ቁልቁል አያት።

«አንቺ ልጅ፣ ከዚህ ዞር በይ!» ብሎ ጮኸባት። «ብሎን ይወድቅብሻል!»

ቲቸር ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደች። ዓይኗን ግን ከእጁ ላይ አላነሳችም።